የፍሬን ሙከራ

ለተሳቢው የኤሌክትሪክ ፍሬን እንዲገጥም መካኒኩን ያዘዘችው የሟች ወንድሙ ሚስት ናት።

«ዋርሳዬ፣ ለኋላው ጎማ ብቻ ይበቃል እንዳትለኝ። ለአራቱም ግጠምልኝ» አለችው።

ባሏ «የመኪናው ፍሬን መች አነሰና!» እያለ ሲያላግጥ ኖሮ፣ አምና ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ከኋላ ገፍቶ እሱንም መኪናውንም ገደል ከተታቸው። ተሳቢው ራሱ ግን አፋፉ ላይ ተርፎ ቀረ።

መካኒኩ ከጠዋት ጀምሮ ጎንበስ ቀና ሲል ወገቡ ሊቆረጥ ደርሷል። ከመኪናው በሚመጣ ኤሌክትሪክ ጎማውን የሚይዘውን የመጨረሻውን ማግኔት አሰረ፣ ታምቡሩን መለሰ፣ በክሪክ የተነሳውን ጎማ በእጁ አሾረው። ድሮ ፍሬን ሲሞክሩ እሱ ከሥር ይተኛል፣ ወንድሙ ጋቢና ሆኖ ይረግጥለታል። አሁንም ከሥር እንደተኛ፣ ከድካሙ ብዛት ሳያስብ በልማዱ ጮኸ።

«ያዝ!»

ማግኔቱ እዝዝዝ አለ፤ ጎማው ቀጥ አለ።

«ልቀቅ!»

ጎማው ተፈታ።

«እሰይ፣ ተገላገልኩ» ብሎ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ከሥር ወጣ። ትዝ ያለው ያኔ ነው። ተሳቢውን የሚጎትተው አዲሱ መኪና የሚመጣው ነገ ነው። ከተሳቢው ፊት ባዶ ግቢ ብቻ ነበር። ባትሪ እንኳ የለም፤ የፍሬኑ ገመድ ስፒና ከምንም ሳይሰካ መሬት ላይ ተጋድሟል።

እዚያው ቁጢጥ አለ። ቆይቶ፣ ለራሱ እንኳ በቅጡ በማይሰማ ድምፅ፣ «ያዝ» አለ።

አራቱም ጎማ ባንዴ እዝዝዝ አለ።

«ልቀቅ» ሊል አፉን ከፈተ፤ ወንድሙ የሚሄድበት መስሎት ግን መልሶ ዘጋው።