የኪራይ ዶክተር

የኮሌጁ ፈቃድ የሚታደስበት ቀን ሲደርስ ለዲኑ ለአቶ ዘርጋው ሁሉም ነገር ተሟልቶላቸው አንድ ዶክተር ብቻ ጎደላቸው። ዶክተር ከሌለ ደግሞ ኮሌጁ ይዘጋል። ስለዚህ በየሰው ቤት የኪራይ ሽማግሌ እየሆኑ ለሙሽራ ልጅ የሚጠይቁ አንድ ሸበቶ አዛውንት ተከራዩ። አዛውንቱ ጥቁር ካባ ሲደርቡማ እንኳን ተማሪው ወንበሩም ብድግ ሊልላቸው ምንም አልቀረው!

"አደራ ጋሼ፣ ቃል እንዳይተነፍሱ። ዝም ብለው ጺምዎን ይዳብሱ" አሏቸው ዲኑ።

"ስንቱን የሴት ልጅ አባት ያንበረከከ ጺም ነው፣ አይዞህ ልጄ!"

ገምጋሚዋ ወይዘሮ የሺመቤት መጡ። መጻሕፍቱን ቆጠሩ፣ ጠረጴዛውን ነቀነቁ፣ ዶክተሩ ፊት ሲደርሱ ግን ቀጥ አሉ።

"እርስዎ ማክሰኞ እወዲያኛው ኮሌጅ የእርሻ ዶክተር አልነበሩም? ሐሙስስ የጥርስ?"

የዲኑ ላብ ወርዶ ወርዶ ካልሲያቸው ውስጥ ኩሬ ሠራ። አዛውንቱ ጺማቸውን ዳበሱ።

ወይዘሮ የሺመቤት ትንሽ አሰቡና ማኅተማቸውን አውጥተው ፈቃዱ ላይ ድው አደረጉት። ከዚያ አዛውንቱን ክንዳቸውን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዷቸው። ዲኑም ጆሯቸውን አስከትለው ላኩ።

"ዶክተር፣ ሰኞ የኛን መሥሪያ ቤት ራሱን ሊገመግሙ ከላይ ሰዎች ይመጣሉ። እኛም ጋ እኮ አንድ ዶክተር ጎድሎናል። እባክዎ ብቅ ይበሉልን።"

አዛውንቱ ከካባቸው ሥር አንዲት የተጨማደደች ደብተር አውጥተው ገለጥ ገለጥ አደረጉ።

"ሰኞ መምጣቱንስ እመጣለሁ፣ የኔ እመቤት" አሉ፤ "ግን የምመጣው ከገምጋሚዎቹ ጋር ነው።"