እምቢ የማለት ትምህርት

በወጣት ማዕከሉ በበጎ ፈቃድ መካሪ ከሆነ ስምንት ወሩ ነው። ቅዳሜዎቹን በሙሉ ስለሰጠ ለማስተርስ መግቢያ ፈተና ማጥናት አልቻለም፤ የቀረው ደግሞ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። በየሳምንቱ “ዛሬስ እሰናበታለሁ” ብሎ ይመጣል። አስተባባሪዋ ወይዘሮ እቴነሽ “የኛ ኩራት!” ብለው ትከሻውን መታ መታ ሲያደርጉት ግን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጠሮ ይዞ ይመለሳል።

የዕለቱ ትምህርት እምቢ ማለት ነበር። የሚመክራትን የአሥራ አምስት ዓመቷን ፌናንን፣ “ሰውየውን ፊት ለፊት እያየሽ፣ ይቅርታ ሳታበዢ፣ በአጭሩ ተናገሪ” አላት።

ፌናን ትንሽ አሰበችና ፊት ለፊት አየችው።

“ቲቸር፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አልመጣም። ቅዳሜ የኳስ ልምምድ አለኝ።”

“የምርሽን ነው?”

“የምሬን ነዋ! አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ?”

የሚመክረው እሷን ብቻ ስለነበር ቅዳሜው ነፃ ሊወጣለት ነው፤ ሊያቅፋት ምንም አልቀረው። እሷ ለአስተባባሪዋ ልትናገር ሮጣ ወጣች፤ እሱም ደብተሩን ሰብስቦ ተከተላት። በሩ ላይ ወይዘሮ እቴነሽ ሁለት ወንድማማቾች ይዘው ቆመዋል።

“ፌናን ነገረችኝ። እግዜር ሲያመቻች አየህ፣ የኔ ልጅ? እነዚህን ትይዝልኛለህ አይደል?”

ፌናን ከኋላቸው ሆና፣ ድምፅ ሳታሰማ በከንፈሯ ብቻ “በአጭሩ” አለችው።

ወይዘሮ እቴነሽን ፊት ለፊት አያቸው።

“እሺ” አለ።