አንድ አድማጭ

በመስከረም፣ ብቻውን ለሚያሰራጨው የኢንተርኔት ሬዲዮ አንድ አድማጭ ተገኘለት። ስክሪኑ ላይ የአድማጮችን ቁጥር የምታሳየው «1» ከመክፈቻው እስከ መዝጊያው ንቅንቅ አትልም። «ለማይለየኝ ወንድሜ» እያለ በየቀኑ ዘፈን ይጋብዘው ጀመር። ሚስቱን በቀበረ ማግስት ምንም ዘፈን ሳያሰማ ስለ እሷ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ። «1» አልጠፋችም።

«ከለቀስተኛው ሁሉ ያጽናናኝ እሱ ነው» አላት እህቱን።

ሰኔ ላይ የእገዳ ደብዳቤ መጣ። እህቱ አነበበችለት። «የዘፈን ባለቤቶችን መብት የሚያስከብረው ማሽናችን ከመስከረም ጀምሮ ጣቢያዎን ያለማቋረጥ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ ያለ ፈቃድ ያሰሟቸውን ዘፈኖች መዝግቧል። የየቀኑ ዝርዝር ተያይዟል።»

«የቀብሩን ማግስት እስቲ ፈልጊልኝ» አላት።

ገጹን አገላብጣ አገኘችው።

«‹ዘፈን አልተገኘም› ይላል።»