ነካሹ ቋጠሮ

ጦጣው ቋጠሮው እንደተነካ ያወቀው ማክሰኞ ጠዋት ነው።

ጦጣው የሚሉት የሥራ ሰዎች ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ የደረቁና ያዘነበሉ ዛፎችን ከጫፍ ጀምሮ ሲቆርጥ ኖሯል። ከታች ገመድ የሚይዝለት አማቹ ነው፤ የሚስቱ ታናሽ ወንድም። አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች፤ ሌላ ሰው የላቸውም።

የላይኛው ሰው ነፍስ ያለችው እነሱ "ነካሹ" በሚሉት ቋጠሮ ላይ ነው። ቀጭን ገመድ በዋናው ገመድ ላይ ይጠመጠምና ከመታጠቂያው ጋር ይያያዛል። በእጅ ሲገፉት ይንሸራተታል፤ ሰው ሲያርፍበት ግን ዋናውን ገመድ ነክሶ ቀጥ ይላል። ጦጣው ሥራ ሲጨርስ ለነገ ቋጥሮት፣ መጋዘኑ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቅሎት ይሄዳል። ማክሰኞ ጠዋት ግን የመጨረሻው ዙር ከላይ መሆኑ ቀርቶ ከሥር አልፎ አገኘው።

"ማነው ገመዴን የነካው?"

"እኔ እንጃ ጋሼ" አለ አማቹ፣ የመጋዙን ሰንሰለት እያጠበቀ። ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

ጦጣው ፈታው፤ በራሱ እጅ እንደገና ቋጠረውና ወጣ። የዕለቱ ሥራ ከትምህርት ቤት አጥር ጀርባ የቆመ ረጅም ጥድ ነበር። ከግማሹ በላይ ደርሶ መጋዙን ሊያስነሳ ገመዱ ላይ አረፍ ሲል፣ ነካሹ አልነከሰም። ቁልቁል ወረደ። ሁለት ሜትር ያህል እንደተንሸራተተ አማቹ የገመዱን ጫፍ ከታች ወጥሮ አቆመው።

መሬት ሲደርስ መዳፉ ተልጧል።

"ገመዱን ቅባት አስነክተኸዋል!"

"የምን ቅባት ጋሼ? ይልቅ እጅህን አሳየኝ።"

"እጄን ተወው!"

ሌላ ሰው ቢሆን አማቹን አመስግኖ ውሃ ይጠጣ ነበር። ጦጣው ግን ሌላ ነገር ነው ያሰላው። እንደዚያ ፈጥኖ ገመድ የሚወጥር ሰው፣ መውደቄን ቀድሞ ያወቀ ነው አለ በልቡ። ዛሬ ሊያስፈራራኝ ነው፤ ነገስ?

ምክንያቱም አልጠፋውም። አማቹ ከሦስት ወር በፊት ዛፍ የመውጣት ፈቃድ አግኝቷል። ከዚያ ወዲህ ዓይኑ ሁሉ ወደ ላይ ነው። "ዛሬ እኔ ልውጣ ጋሼ፣ አንተ ትንሽ እረፍ" ይለዋል። እረፍ! ጦጣው ገና ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱም ያው እንደ ድሮው።

ቤትም ነገሩ አላማረውም። ሚስቱና ወንድሟ ማድ ቤት ገብተው ይንሾካሾካሉ፤ እሱ ብቅ ሲል ጸጥ ይላሉ። አንድ ቀን በሩ ጋ ቆሞ፣ "እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንሆነው?" ስትል ሰማት።

"እኔ አብሬው እስካለሁ አታስቢ" አላት ወንድሟ።

ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት! ዕቃውንም መደበቅ ጀምረዋል። ቁልፉ፣ መነጽሩ፣ አንዴማ የአንድ እግር ጫማው ጭምር ካላስቀመጠበት ቦታ ተገኘ። ሲጠይቃት "አንተው ነህ ያስቀመጥከው" ትለዋለች፣ ዓይኗ እንባ እያቀረረ። ድሮ እንዲህ የሚዋጣላት ተዋናይ አልነበረችም።

ዓርብ ጠዋት ከአማቹ ቀድሞ መጋዘን ገባና ከገመድ ጥቅሎቹ ጀርባ ተደበቀ። ብዙም ሳይቆይ አማቹ መጣ። ግራ ቀኙን አየ። የጦጣውን መታጠቂያ አወረደ፣ ነካሹን ፈታ፣ እንደገና ጠመጠመው። የመጨረሻውን ዙር በሥር አሳለፈው። ጎተት ጎተት አድርጎ ሞከረና መልሶ ሰቅሎ ወጣ።

ጦጣው ከተደበቀበት ተነሳ። ወጥቶ ሊያንቀው ፈለገ። ግን ራሱን ያዘ፤ ማስረጃ እያለ ጠብ ምን ይሠራል? አማቹ የቋጠረውን ሳይፈታ ከነሰማያዊ ገመዱ ወሰደ። ከጥቅሎቹ መሃል ቀይ ገመድ አነሳና እሱ ላይ ደግሞ የራሱን፣ ትክክለኛውን ቋጠረ። ሁለቱን ይዞ በቀጥታ መምህሩ ዘንድ ሄደ። መምህሩ እሱንም አማቹንም ያስተማሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ፈቃድ የሚሰጡትም የሚሰርዙትም እሳቸው ናቸው።

"መምህር፣ ሰው ሊገድለኝ ነው" አላቸው፣ ገመዶቹን ጠረጴዛው ላይ እየዘረጋ። "ማን የትኛውን እንደቋጠረ አሁን አልነግርዎትም፤ ቂም ነው ይሉኛል። መጀመሪያ ይፍረዱ።"

"እሺ።"

"ግን ቃል ይግቡልኝ። መጥፎውን የቋጠረው ሰው ፈቃዱ ይሰረዛል። ቤተሰብ አለው፣ ይቅር በለው፣ የሚባል ነገር የለም። ከዛሬ ጀምሮ ዛፍ ላይ አይወጣም።"

መምህሩ መነጽራቸውን አደረጉ። "አንተ ባትለኝም እሰርዘዋለሁ፤ የሰው ነፍስ ነው። ቃሌ ነው።"

ገመዶቹን ተራ በተራ ከጣሪያው መንጠቆ ላይ ሰቅለው፣ በነካሹ እየተንጠለጠሉ መሞከር ጀመሩ። ጦጣው ወደ መስኮቱ ዞረ። የሚሆነውን ያውቀዋል፤ ያስጨነቀው ለሚስቱ እንዴት እንደሚነግራት ነው። የፈለገችውን ብታደርግም ወንድሟ ነው፣ ታለቅሳለች። ከኋላው ገመድ ተንሸራቶ የመምህሩ ጫማ ወለሉን ሲመታ ሰማ።

"ይሄ ገዳይ ነው" አሉ መምህሩ፣ እያለከለኩ። "ስሙን ንገረኝ፣ አሁኑኑ ልጻፈው።"

ጦጣው ፈገግ ብሎ ዞረ።

መምህሩ የያዙት ቀዩን ገመድ ነበር።