አራቱ የመብያ እንጨቶች

ሚስቱ ማስተዋል ጃፓኖች ቢሮ ከተቀጠረች ወዲህ፣ ከሥራ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ምግብ ይደርሳል። ዱባ በወጣ ሰሞን ዱባ፣ ጎመን በረከሰ ሰሞን ጎመን፣ በሶያ ሶስ አንዴ ታንተከትከዋለች፤ አለቀ።

"ሽንኩርት ሳይቁላላ የሚደርስ ምን ዓይነት ወጥ ነው?" ይላታል።

"የጃፓን ነዋ! አንተ ደግሞ!"

እሱን ግን አልዋጥልህ አለው። በሱ ሰፈር ሽንኩርት ብቻውን ግማሽ ቀን ያስለቅሳል። ይባስ ብሎ ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ የታጠቡ የመብያ እንጨቶች አየ። ማስተዋል የምትበላው በሁለት ነው፤ እሱ በእጁ ነው የሚጎርሰው። የተደረደሩት ግን አራት ናቸው።

"አብሳዩ ጃፓን ተገኘ!" አለ በሆዱ። ዓይኑ ካየ ሊፈታት ማለ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሥራ የሄደ መስሎ በጓሮ ተመለሰና አልጋ ሥር ገባ። ቁመቱ የመብራት እንጨት ስለሆነ የተረፈ እግሩን በጋቢ ሸፈነ።

ማስተዋል ገብታ ድስቷን ጣደች። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

"ክፍት ነው፣ ደርሷል!" አለች ቀስ ብላ።

እንጨቶቹ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመሩ። ከአልጋው ሥር አንገቱን አሰገገ።

እናቱ ናት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ትኩሱን ዱባ በሁለት እንጨት እያነሳች ትጎርሳለች፤ ጠብ የሚል ነገር የለም።

"እጅሽ ይባረክ!" አለቻት ምራቷን። "ለልጄ እንዳትነግሪው አደራ። ሽንኩርት የማታቁላላ ሚስት ፍታ እያልኩ ነው የምጨቀጭቀው። በይ ጨምሪልኝ።"