የጠራ ድምፅ

ድምፅ የተቀዳበት አሮጌ የሬዲዮ ሸክላ ሲከርም ነጭ ስብ ያወጣል፤ ሽታው እንደ ቆየ ሞራ ያቅለሸልሻል። ያንን በጥጥ መጥረግ እንጀራዬ ነው። በአዲሱ ሕግ ደግሞ ከስቡ የጠራ የሟች ድምፅ የሁሉም ሆኗል፤ የትኛውም ዕቃ ይናገርበታል። ይሄ ከሞራውም ይብሳል።

ወይዘሮ እልፍነሽ ዜና አንባቢ የነበሩትን የሟች አባቷን ሁለተኛ ሸክላ ይዛ መጣች። የመጀመሪያውን ያጠራሁላት እኔው ነበርኩ።

"ጋሽ ዘርጋው፣ ማቀዝቀዣዬ በአባቴ ድምፅ 'ወተቱ ተበላሽቷል' ይለኛል። የጎረቤቴ ሽንት ቤት እንኳ በእሱ ድምፅ 'ውሃ ይልቀቁ' ይላል።"

"ታዲያ ይሄን ለምን አመጣሽው?"

"እንዳይነበብ ስብ እንዲጨምሩበት። ዜናውን ሲጨርስ 'እልፌ፣ ደህና እደሪ' ይለኝ ነበር፤ እዚህ ሸክላ ላይ አለ። እሱን እንኳ ማንም አይውሰድብኝ።"

አንገቴን እየነቀነቅሁ ሳዳምጣት እጄ እንደ ልማዱ ጥጥ አንስቶ ሸክላውን ሲጠርግ ኖሯል። ከጠረጴዛዬ በላይ ያለው የሸክላ ማንበቢያ በራ፤ ያነበበውን ድምፅ ወዲያው ለሁሉም ዕቃ ይልካል።

"እልፌ" አለ ከማንበቢያው አንድ ለስላሳ የወንድ ድምፅ።

እልፍነሽ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጓሮ ካለው ሽንት ቤቴ አንድ ደንበኛ ገብቶ ነበር።

"እልፌ፣ ውሃ ይልቀቁ" አለው ሽንት ቤቱ።