ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ዝርዝር

ሰፈሩ ፈርሶ በቦታው ሕንጻ ሊሠራ ነው ተብሎ፣ የቀበሌው መዝጋቢ ቤት ለቤት እየዞረ የቤተሰቡን ብዛትና ገቢ ይጽፍ ጀመር። ልብስ እያጠበች ልጇን የምታሳድገው እናት ደጅ ከመድረሱ በፊት ጎረቤቷ እትዬ ማንያህልሻል በአጥሩ ብቅ አሉ።

«አደራ፣ የልብስ አጠባሽን ነገር እንዳታነሺለት። ባለፈው ዘይቱንም ስንዴውንም ያገኘው ምንም የለኝም ያለ ነው። የሕንጻው ቤትም ቢሆን ለድሃ ነው የሚሰጠው።»

እሷም ምንም የለኝም አለች። ልቧን የሚያማት ልጇ ሐኪም ቤት በእግሯ መድረስ የምትችለው ከዚህ ሰፈር ስትነሳ ብቻ ነው፤ ከዚህ ላለመነቀል እናቷ የማትዋሸው ውሸት አልነበረም።

ዝርዝሩ በቀበሌው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቀን ሴቶቹ ወደ ፊት ገፏት። ከመካከላቸው ማንበብ የጀመረችው እሷ ብቻ ነበረች፤ እሷም የጎልማሶች ትምህርት ከገባች ገና ስድስት ወሯ ነው። በጣቷ እየተከተለች መጀመሪያ የራሷን ስም አገኘች፤ ዝቅ ብሎ የእትዬ ማንያህልሻልን። ስም በጠራች ቁጥር ሴቶቹ እልል አሉ።

«አላልኩሽም?» አሉ እትዬ ማንያህልሻል፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ።

ጣቷ ወደ ላይ ወጣ። ከስሞቹ በላይ በትልልቁ የተጻፈውን፣ ድምፅ ሳታሰማ፣ ፊደል በፊደል ለቀመችው፤ «በቂ ገቢ ስለሌላቸው ከከተማው ውጪ የሚሰፍሩ»።

«ከላይ ያለውስ ምን ይላል?» አሉ እትዬ ማንያህልሻል።

ጣቷን ከወረቀቱ አነሳች።

«እሱን ገና አልተማርንም» አለች።